ሣር ውስጥ የዘመረችው ወፍ

አቃቂ፣ ጥቅምት 1980 ዓ.ም.

ውድ ሮሪሳ፣

ጆሮዬ ደህና ነው። ከሰላምታው በፊት ይህን ያስቀደምኩት አንተም ስለ እኔ የጠየቅከው ይህንኑ ብቻ ስለሆነ ነው።

ወንድሜ መንሱር ባለፈው ሳምንት ከሞያሌ እንደገባ መኪናውን ግቢ ውስጥ አቁሞ፣ አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ ወደ ጓዳ ጠራኝና በሩን ዘጋ። ከኬላው ማዶ፣ ኬንያው ሞያሌ ውስጥ ሻይ ሊጠጣ ተሻግሮ ሳለ ሾፌሮች ስለ አንድ ሐበሻ ሲያወሩ መስማቱን ነገረኝ። ፈረንጆችን እየመራ ወፍ የሚያሳይ፣ ወፏ ሳትታይ ገና በድምፅዋ ማን እንደሆነች የሚናገር ሰው ነው አሉ። መንሱር ልቡ ጠረጠረ፤ ሲያፈላልግ ውሎ አገኘህ። ከስቷል፣ ፀጉሩም ከፊት ሸሽቷል፣ ግን ራሱ ነው አለኝ። መጀመሪያ ስለ እናትህ ጠየቅከው። ቀጥለህ ስለ አባቴ። ስለ እኔ ምንም ሳትል ቆየህ። ተሰናብቶህ ሊወጣ ሲል ግን እጁን አልለቅ አልክና «የአሲያ ጆሮ ደህና ነው?» አልከው።

መንሱር ነገሩ አልገባውም። «ጆሮሽን ያምሽ ነበር እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ምን ብዬ ላስረዳው? ወደ ጓሮ ወጣሁና በነጠላዬ ፊቴን ሸፍኜ ቆምኩ። ሰባት ዓመት ሙሉ በሕይወት መኖርህን ሳላውቅ ነው የቆየሁት። እናትህ በየበዓሉ ድርሻህን ያነሡልሃል፤ እኔ ደግሞ በየሶላቴ ስምህን እጠራለሁ፤ ሁለታችንም ግን ለሞተ ይሁን ላለ ሰው እንደምናደርገው አናውቅም ነበር።

አሁን እንዳለህ አውቄያለሁና ያኔ ያልተባባልነውን ሁሉ ልጽፍልህ ተቀመጥኩ።

በ1968 ነበር፤ ከዘመቻ ተመልሰህ እዚሁ አቃቂ ሳይንስ ማስተማር የጀመርክበት ዓመት። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ ቤት ተቀምጫለሁ። አንድ ጠዋት አጥራችን በር ላይ ቆመህ አባቴን «ግቢዎ ውስጥ ያለውን ሾላ ለማየት ፈልጌ ነበር» አልከው። አባቴን ታውቀዋለህ፣ ከወሎ በአንዲት ኤንትሬ የጭነት መኪና ተነሥቶ እዚህ የደረሰ ሰው ነው፤ ሰው በቀላሉ አያምንም። ከእግርህ እስከ ራስህ አየህና «ሾላውን ነው ወይስ ከሾላው ሥር ያለውን?» አለህ። ከሾላው ሥር ልብስ እያሰጣሁ የነበርኩት እኔ ነኝ። አንተ የተባለው ስላልገባህ «የለም፣ ከላዩ ያሉትን ወፎች ነው» ብለህ መለስክ። አባቴ ሳቁን ዋጥ አድርጎ አስገባህ።

አንገትህን ሰቅለህ፣ በዚያ የሩቅ ማሳያ መነጽርህ ቅጠሉን ስትበረብር ቆየህ። ወፍ ትዘምራለች፤ እንደ ደወል የጠራ ድምፅ ታወጣና መጨረሻው ላይ ሻከር ይልባታል። የት ሆና ነው እያልክ ለብቻህ ታጉረመርማለህ። እኔ ቀና እንኳ ሳልል «ሁለት ናቸው» አልኩህ። «ጀማሪዋ ከላይ በግራ በኩል ነች፤ የምትጨርሰው ደግሞ ግንዱ አጠገብ ያለችው ነች።» መነጽሩን ከዓይንህ አወረድክ። ባልና ሚስቱ አንድ ዜማ ተካፍለው እንደሚዘምሩ መጽሐፍ ላይ አንብበህ ነበር፤ ሳያይ የለየ ሰው ግን አጋጥሞህ አያውቅም። እኔም በበኩሌ እንዲህ ያለው ነገር መጽሐፍ ላይ ይጻፋል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ዓይኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ሩቅ አያይም። ዛፍ ለእኔ አረንጓዴ ጥላ ነው። ሰው ከድልድዩ ማዶ ሲመጣ በአረማመዱ ካልሆነ አልለየውም። አክስቴ መነጽር ያደረገች ልጅ ማን ያገባታል ብላ አባቴን ስለከለከለችው እንዲሁ ቀረሁ። ይህን ስነግርህ መነጽሩን ከአንገትህ አውልቀህ እኔ አንገት ላይ አደረግክና መሐሉ ላይ ያለውን መዘውር እንዴት እንደማዞር አሳየኸኝ። ጉሙ ተገፈፈ። ጥቁርና ነጭ ወፍ ነበረች። ዓይኗን አየሁት። ቅርንጫፉን የጨበጠችበትን ጥፍር አየሁት። በዚያን ጊዜ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነበር፤ የወፍ እግር ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ በኋላ ከእናትህ ከእማማ ዳሲቱ ዘንድ ወተት ልገዛ እያልኩ መውጣት አበዛሁ። ወንዙ ዳር ያለው ቤታችሁ ደርሼ፣ ጣሳውን እማማ ዳሲቱ ዘንድ አስቀምጬ፣ ከአንተ ጋር ወደ ሣሩ እንወርዳለን። እናትህ ገና ከመጀመሪያው ያውቁ ነበር፤ ወተቱን ሆን ብለው አቆይተው ነበር የሚያልቡት። ዛሬ ነው የነገሩኝ።

ወፍ መለየትን ያስተማርከኝ እንዲህ ነበር። ቀለሟን መጨረሻ ላይ ጠይቂ ትለኛለህ፤ ቀለም በብርሃን ይለወጣል። መጀመሪያ የት እንደተቀመጠች እይ፤ መሬት ላይ ነው፣ ሣር ጫፍ ላይ ነው፣ ግንድ ላይ ነው? ቀጥሎ አፏን እይ፤ ወፍራም ከሆነ ፍሬ ትፈልጣለች፣ ቀጭን ከሆነ ትል ትለቅማለች። ከዚያ ከድንቢጥ ትበልጣለች ወይስ ታንሳለች ብለሽ ለኪያት። እኔ ሁሉንም ከሰማሁ በኋላ «ድምፅዋስ?» እላለሁ። አንተ ትስቃለህ። «እሱን አንቺ አስተምሪኝ» ትላለህ። እውነትም አንተ ዓይን እኔ ጆሮ ሆነን ነበር የምንሄደው።

የመስቀል ወፍንም ያሳየኸኝ አንተ ነህ። በልጅነታችን በመስከረም መጥታ ከአበባው ጋር የምትሄድ እንግዳ ነች ብለን ነበር የምናምነው። አንተ በታኅሣሥ ፈጬ በኩል ካለው የጤፍ አውድማ ወሰድከኝና ግራጫ የሆነ የድንቢጥ መንጋ አሳየኸኝ። «እነሆ፣ ከመካከላቸው አሉ» አልከኝ። ወንዱ ቀዩን ልብሱን ለክረምት ብቻ ነው የሚለብሰው፤ ከዚያ አውልቆ ከሌላው ጋር ይመሳሰላል፤ የትም አይሄድም። ያን ቀን እየተመለስን ሳለ እጄን ያዝክ። አንተ የአርሶ አደሩ የጀቤሳ ልጅ፣ በየእሁዱ ቤተ ክርስቲያን የምትስም፤ እኔ የሙሀመድሁሴን ልጅ። ቃል ብናወጣለት ከባድ ይሆናል ብለን ሁለታችንም ስለ ወፍ ብቻ ማውራታችንን ቀጠልን።

የተጣላነው በአንድ ነገር ብቻ ነው። ወንዙ ዳር ባለው እርጥብ ሣር ውስጥ አውራ ጣት የምታህል ቡናማ ወፍ አለች፤ ድምፅዋ የእጅ ሰዓት ሲሞላ እንደሚሰማው ክርክር ይላል። ስሟን የሚያውቅ ሰው ስላላገኘን «ሰዓት» አልናት። ከላይ ወደ ገላን በኩል ባለው ደረቅ ሣር ውስጥ ደግሞ እሷኑ የመሰለች ሌላ አለች፤ እሷ ወደ ሰማይ ወጥታ ስትወርድ ጨርቅ እንደሚቆርጥ መቀስ ጭስ ጭስ ታሰማለች። እኔ «መቀስ» አልኳት፤ ሌላ ወፍ ናት አልኩ። አንተ ደግሞ መልካቸው፣ መጠናቸው፣ የጀርባቸው ዝንጉርጉር አንድ ነው፤ ያቺው ሰዓት ናት፣ ሁለት ዜማ ስላላት ነው ትላለህ። ክረምትና በጋ በዚህ ተከራከርን። ተኮራርፈን ወተቱን ረስቼ የተመለስኩበት ቀን ነበር፤ እናትህ ጣሳውን ይዘው እስከ ድልድዩ ተከትለውኛል።

ከዚያ ቀኑ ከፋ። የት እንደገቡ የማይታወቁ ወጣቶች በዙ፤ ጠዋት መንገድ ዳር ወድቀው የሚገኙም በዙ። አባቴ ከቤት እንዳልወጣ አዘዘኝ። እናትህ መነጽሩን እንድትቀብረው ለመኑህ፤ ከበረቱ ጀርባ ቀበርከው። ለማየት ባንችል እንሰማለን ብለን ግን በኅዳር 1970 አንድ ጠዋት ወደ ሣሩ ወረድን። አንተ እንደ ልማድህ አፏጨህላት፤ ወፏ መለሰች። በዚያው ቅጽበት ባቡሩ ድልድዩን እያለፈ ነበር። ባቡሩ ከማለፉ የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ከኋላችን ቆመው አገኘናቸው።

የቀበሌው ጥበቃ ኃላፊ ፈቀደ ከጠረጴዛው ጀርባ ተቀምጦ ነበር። ቤታችሁ ተፈትሾ፣ መነጽሩ ከነአፈሩ ተቆፍሮ ወጥቶ ፊቱ ተቀምጧል።

«ይህን ለምን ቀበርከው?» አለህ።

«ፈርቼ ነው» አልከው።

«ያላጠፋ ሰው ምን ያስፈራዋል?»

በዚያ ሰሞን ያልፈራ ሰው አልነበረም። ወፎችን እየለየን እንደምናጠና አስረዳኸው። ለምን እንደምታፏጭ ጠየቀህ፤ ወፏ ስትመልስ የት እንዳለች ስለሚታወቅ ነው አልከው። ለምን ባቡሩ ሲያልፍ እንደሆነ ጠየቀህ። «ባቡሩ በራሱ ሰዓት ነው የሚያልፈው፣ ጓድ» አልከው።

ፈቀደ ክፉ ብቻ አልነበረም፤ ብልህም ነበር። ብልህነቱ ነው የጎዳን። ትንሽ አሰበና ተነሣ። «ደህና። ወደ ሣሩ እንሂድ» አለ። «ለየብቻ አቆማችኋለሁ። ወፍ በጮኸ ቁጥር ምን እንደሆነ ለእኔ በጆሮዬ ትነግሩኛላችሁ። መልሳችሁ አንድ ከሆነ ወደየቤታችሁ። ካልተገናኘ ግን ወፍ የሚባል ነገር የለም፤ ወፉ ኮድ ነው።»

አንተን ባሕር ዛፎቹ ሥር አቆሙህ፤ ከአንተ ጋር በጠባቂነት የቆመው ሁንዴ ነበር፣ የጎረቤታችሁ ልጅ። እኔን ድልድዩ አጠገብ አቆሙኝ። ቀድሞ ከአንተ ይሰማል፣ ከዚያ ወደ እኔ ይመጣል። መጀመሪያ ዋነስ ጮኸች፤ ዋነስ አልኩ፤ ልክ ሆነ። ቀጥሎ ግንደ ቆርቁር ከባሕር ዛፉ ላይ ሳቀች፤ እሱም ልክ ሆነ። በልቤ አልሃምዱሊላህ አልኩ። ፈቀደ ግን አልረካም። «እነዚህንማ እኔም አውቃቸዋለሁ» አለ። እንደገና ወደ አንተ ሄደ፤ እዚያ ቆሞ ሲጠብቅ፣ ከላይ ከደረቁ ሣር ውስጥ ያቺ ትንሿ ወፍ ወደ ሰማይ ወጣች። ጭስ ጭስ ጭስ።

ፈቀደ ከአንተ ዘንድ ወደ እኔ እስኪደርስ የነበረችው ጊዜ አሁንም ድረስ አላለቀችልኝም። እኔ መቀስ እንደሆነች አውቃለሁ። ግን ሮሪሳ ሰዓት ነው የሚለው ብዬ አሰብኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰዓት ናት ሲለኝ ነው የኖረው። በእኔ ክርክር ምክንያት አንተን ለእነዚህ ሰዎች አሳልፌ ልስጥ? ፈቀደ ጆሮውን አስጠጋ። «ሰዓት» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ፈገግ አለ። «እሱ ደግሞ መቀስ ናት ይላል።»

መጀመሪያ ቃሉ አልገባኝም። ከዚያ ግን ገባኝ። እኔ አንተን እንዳሰብኩ አንተም እኔን አስበህ ኖሯል። ፈቀደን ተከትዬ እየሮጥኩ፣ እየተንተባተብኩ ነገሩን ሁሉ ተረክሁለት፤ ስለዚህች ወፍ ተጣልተን እንደነበር፣ እኔ የእሱን መልስ፣ እሱ የእኔን መልስ እንደሰጠን። ወላሂ ይኸው ነው አልኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ በእርጋታ «ስለዚህ ሁለታችሁም ዋሽታችሁኛል ማለት ነው» አለኝ።

ሊወስዱህ ላንድሮቨር ላይ ሲያወጡህ ዞር ብለህ ወደ እኔ እንዳየህ አውቃለሁ። ጥላህ ዞረ። ፊትህ ግን አልታየኝም። መነጽሩ የነበረው ፈቀደ እጅ ላይ ነው።

አባቴ ያን ቀን ምን እንዳደረገ አልሰማህ ይሆናል። ሱቁን ሳይዘጋ ባዶ እግሩን መጥቶ ፈቀደ ፊት ቆመ። እሱ በሕይወቱ ለማንም አጎንብሶ አያውቅም። የለመነው ለሁለታችን ነበር። «ልጆቼን ስጠኝ» ነው ያለው። ፈቀደ ሴት ናት፣ ተታልላ ነው ብሎ እኔን ለቀቀለት። ማታ ቤት ስንገባ አባቴ እራት አልበላም። «ልጁን ሳላመጣ ቀረሁ» ብቻ አለኝ። በእኔና በአንተ መካከል እንቅፋት ብሎ ያሰበው ሁሉ፣ የሃይማኖቱ ልዩነትም፣ የሰው ወሬውም፣ ያን ማታ ከቤታችን ወጣ።

ሦስት ዓመት ያህል ከእናትህ ጋር አዲስ አበባ፣ ወደ ታሰርክበት ቦታ ስንቅ አመላለስን። አንድም ቀን አላሳዩንም። ሳህኑ ባዶ ሆኖ ሲመለስ እናትህ ጠርዙን በጣታቸው ይነካሉ፤ እሱ ነው የበላው፣ እንዲህ ጠርጎ የሚበላው እሱ ነው ይሉኛል። በ1973 ተፈታ አሉን። ቤቱን አጽድተን ጠበቅን። በምትኩ አንድ የማናውቀው ሰው መጥቶ ለእናትህ በጆሯቸው «በሰላም ወጥቻለሁ፤ አትፈልጉኝ» ብሏል ብሎ ነግሯቸው ሄደ። ሌላው ሰው እናቱን ረሳ ብሎ አማህ። እኔ ግን ገብቶኛል። አቃቂ ብትመለስ ፈቀደ አንተን ብቻ ሳይሆን እኛንም እንደገና ይጠራን ነበር። ለዚህ ነው ሳትሰናበት የሄድከው። አንድ ጊዜ እንኳ ቅር ብሎኝ አያውቅም፤ ናፍቆቱ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ምክንያት ስላወቀ አይቀንስም።

ፈቀደ አሁን እዚህ የለም። ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሮ ወሬው ጠፋ። ሁንዴም ጥበቃውን ትቶ ከመንሱር ጋር ጭነት ያወርዳል። አንድ ቀን የስንዴ ኬሻ እያራገፈ ሳለ ቀረብ አለኝና ዓይኔን ሳያይ ያን ቀን የሆነውን አነሣ። ፈቀደ ወደ አንተ ተመልሶ ሰዓትና መቀስ ብሎ ሲስቅ ነገሩ ምን እንደሆነ ወዲያው ነበር አሉ የገባህ። «ላንድሮቨሩ ላይ ሆኖ ወደ አንቺ እያየ ነበር» አለኝ ሁንዴ። «ፈገግ ብሎ ነበር። እኔ እንደዚያ ያለ ፈገግታ በዚያ ቦታ አይቼ አላውቅም። እስከ ዛሬ ልነግርሽ አፈርኩ።» ኬሻውን ተሸክሞ ሄደ። እኔ የዚያን ዕለት የሰማሁት ለስንት ዓመት እንደበቃኝ አታውቅም።

አሁን ስለ ወፏ ልንገርህ። ወደ ሣሩ መውረዴን አልተውኩም። አንተ የለህም፣ መነጽሩም የለም፤ ስለዚህ እንደምችለው አደረግኩ፤ ድምፅዋን ተከትዬ ተንበርክኬ፣ ሣሩን በእጄ እየገለጥኩ ፈለግሁ። ሁለት ክረምት ፈጀብኝ። ሰዓት ጎጆዋን ከመሬት ከፍ አድርጋ፣ ሰፋፊ ቅጠሎችን በሸረሪት ድር ሰፍታ፣ በጎን በኩል በር ታወጣለታለች። መቀስ ግን መሬቱ ላይ፣ ደረቁን ሣር ከላይ አጉብጣ ነው የምትሠራው። ፊቴን እስኪነካኝ ተጠግቼ ነው ያየሁት፤ በእጄም ዳስሼዋለሁ። ሁለት ናቸው፣ ሮሪሳ። ይህን ስጽፍልህ ረታሁ ለማለት አይደለም። ያን ቀን ለፈቀደ የሰጠኸው መልስ ትክክለኛው መልስ እንደነበር እንድታውቅ ነው። አንተ አልዋሸህም። እኔን ብለህ የተናገርከው ቃል እውነት ሆኖ ተገኝቷል። የዋሸሁ እኔ ብቻ ነኝ፤ እሱንም ደግሞ ዛሬም ቢጠይቀኝ እደግመዋለሁ።

እናትህ ከእኛ ጋር ናቸው። የዛሬ ሁለት ዓመት ወንዙ ዳር የነበሩት ቤቶች ሲነሡ አባቴ ራሱ ሄዶ ዕቃቸውን በኤንትሬው ጭኖ አመጣቸው፤ ከግቢያችን በስተምሥራቅ ያለችውን ክፍል ሰጣቸው። አንዲት ላም ይዘው ነው የመጡት። ጠዋት ጠዋት ከአባቴ ጋር ፀሐይ እየሞቁ ይጨቃጨቃሉ፤ እሱ ላሟ ግቢውን አቆሸሸችው ይላል፣ እሳቸው ደግሞ ወተቱን ሲጠጣ ለምን ዝም እንደሚል ይጠይቁታል። እኔን እንደ ልጃቸው ኢንተላ ኮ፣ ልጄ ይሉኛል። ጉልበታቸው ትንሽ ደክሟል፤ ሌላው ደህና ነው።

አንድ ነገር ልደብቅህ አልፈልግም። ሳሪስ ጨርቅ የሚነግድ ሙሀመድአወል የሚባል ሰው አለ፤ ደግ ሰው ነው፣ ሚስቱ ሞታበታለች። ዘንድሮ ሽማግሌ ልኮ ነበር። አባቴ እንደ ልብሽ አድርጊ አለኝ። መንሱር ካንተ ዘንድ ከመምጣቱ ቀደም ብሎ፣ መኖርህን ሳላውቅ ነው መልሱን የሰጠሁት። ራሴ አነጋገርኩት፤ የማስበው ሰው አለ አልኩት። «የት ነው ያለው?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። «እንዲህ የሚታሰብ ሰው ዕድለኛ ነው» ብሎ ተነሣ። ይህን የምነግርህ እዳ እንዲሆንብህ አይደለም። አንተ እዚያ ሚስትና ልጆች ይኖሩህ ይሆናል፤ መንሱር አልጠየቀህም፣ እኔም ባለመጠየቁ ደስ ይለኛል። ካሉህ አላህ ያሳድግልህ። እኔ እንዲህ የሆንኩት ሌላ መሆን ስላልቻልኩ ነው፤ ጥፋቱም የማንም አይደለም።

ይህን ደብዳቤ መንሱር ከጋቢናው ጣሪያ ውስጥ ሰፍቶ ነው የሚያመጣልህ። ስጀምረው ሐሳቤ ጽፌልህ መልስ ለመጠበቅ ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን የመጀመሪያውን ገጽ ለእናትህ አነበብኩላቸው። ከዚያ «ሞያሌ ድረስ ስንት ቀን ነው?» አሉኝ። ሩቅ ነው፣ መንገዱም ለእርስዎ ጉልበት ከባድ ነው አልኳቸው። «መንገዱን አልጠየቅኩሽም፣ ቀኑን ነው የጠየቅኩሽ» አሉ። ቀጥለው ደግሞ «አንቺስ? ወረቀት ልከሽ ልትቀመጪ ነው?» አሉኝ። አባቴ በር ላይ ሆኖ ይሰማ ነበር። ጉሮሮውን ጠረገና ያቤሎ ዘመድ ልትጠይቁ ነው ብሎ የይለፍ ወረቀቱን ራሱ እንደሚያስጨርስ ተናገረ። እንደዚህ ነው የተወሰነው፤ እኔ አፌን ሳልከፍት።

መንሱር ይህን ካደረሰልህ በኋላ በኅዳር መጨረሻ እንደገና ይወርዳል። በገበያ ቀን ሕዝቡ ከወዲህም ከወዲያም እንደሚሻገርና ማንም ማንንም እንደማይጠይቅ ነግሮኛል። እኛ ከኬላው ወዲህ፣ ኤንትሬው በሚቆምበት ቦታ እንሆናለን። ወደ ከተማው እንዳትገባ፤ እኛ ከመኪናው አንርቅም። መምጣት ካልቻልክ አንመለስም፤ በሚቀጥለው ገበያም እንቆያለን። ጋቢናው ሦስት ሰው ይይዛል። መንሱር ይነዳል፤ እኔ በመስኮቱ በኩል እቀመጣለሁ፤ እናትህ ነፋስ እንዳያገኛቸው መሐል ናቸው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ለአንተ የሚይዙትን ቅቤ ማንጠር ጀምረዋል።

አሲያ ሙሀመድሁሴን